የቤቱስ ሒሳብ መቼ ይዘጋል?

በባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ሆኖ የሠራ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። በሩ ለደንበኞች ሲዘጋ ሥራው አያልቅም። በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ይቆጠራል፤ ኮምፒዩተሩ ከሚያሳየው ሒሳብ ጋር ይመሳከራል፤ ቢጎድልም ቢተርፍም ምክንያቱ ይፈለጋል። ካዝናውም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይከፈትም፣ አይዘጋም። “ነገ እናየዋለን” ተብሎ የሚታለፍ ልዩነት የለም። የዛሬው ሒሳብ ዛሬውኑ ይዘጋል።

እኔ ይህን ሥርዓት በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ስማር ካገባሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው አየር ጤና አካባቢ በወላጆቼ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ነበር። በባንኩ በየምሽቱ ሒሳብ እየዘጋሁ፣ በቤቴ ግን ወራት ሙሉ ያልተዘጋ ሒሳብ ይዤ እንደኖርኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ባለቤቴ ፈቅዳ፣ ወላጆቼም ተስማምተው ይህን የምጽፈው፣ የእኛ ታሪክ ዛሬም በብዙ ቤት እየተደገመ ስለማይ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ አዲስ ተጋቢዎች ከወላጅ ጋር መኖራቸው በአገራችን ነውር አይደለም። እንዲያውም ብዙ ትዳር የቆመው በእናትና በአባት ትከሻ ላይ ነው። ይሁን እንጂ አንደኛው ተጋቢ ጊዜውንና ጉልበቱን ሁሉ የሚወስድ አዲስ ሥራ ሲጀምር፣ በዚያው ቤት ውስጥ ሳይነገሩ የሚከማቹ ዕዳዎች አሉ። ዕዳው የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀለለ ነበር።

“ለጊዜው ነው” ብለን ገባን

ሠርጋችን በጥር 2009 ዓ.ም. ሲሆን እኔ ቋሚ ሥራ አልነበረኝም። ባለቤቴ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር። ቤት ተከራይተን ለመኖር አቅም እንደሌለን ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ሰርቪሷን በኖራ አስቀባች፤ አዲስ መጋረጃ ሰቀለች፤ “ልጆቼ፣ ለጊዜው እዚህ ሁኑና እግዚአብሔር መንገድ ይከፍታል” አለችን። በደስታ ገባን።

“ለጊዜው” ማለት ስንት ወር ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ለቤቱ ወጪ ምን ያህል እንደምናዋጣ፣ ምግብ በአንድ ላይ ይበሰል ወይስ ለየብቻ፣ እንግዳ ሲመጣብን ማን እንደሚያስተናግድ የተነጋገርነው ነገር የለም። በወላጅ ፊት ስለ እነዚህ ነገሮች ማንሳት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እኛ “ቅር ይላቸዋል” ብለን ዝም አልን። እነርሱም “ገና ልጆች ናቸው” ብለው ዝም አሉ። ሁላችንም ዝም ያልነው በፍቅር ነበር። ሆኖም ዝምታችን በኋላ ለደረሰብን ነገር በር ከፍቷል።

መስከረም 2010 ዓ.ም. አንድ የግል ባንክ ቀጠረኝና መርካቶ ባለ ቅርንጫፍ ተመደብኩ። ግቢው ሁሉ ደስ አለው። እናቴ ለጎረቤት ቡና ጠራች። አባቴ ጸለየልኝ። ባለቤቴም አብራ አመሰገነች። በዚያን ቀን ማናችንም ያላየነው ነገር ቢኖር ሥራው የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት አራት ሰዎች ነበሩ።

የባንኩ ሰዓትና የቤቱ ሰዓት

የባንክ ሥራ ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ሸሚዝና ከረባት ነው። ከውስጥ ግን ሌላ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ፤ ከአየር ጤና መርካቶ የታክሲ ሰልፉ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ እውላለሁ። ማታ ሒሳብ ዘግቼ፣ እንደገና ተሰልፌ ቤት ስደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አንዳንዴም 3 ሰዓት ይሆናል። ቅዳሜም ሥራ ነው። በዚያ ላይ አዲስ ሠራተኛ ገና በሙከራ ላይ ስለሆነ “ደክሞኛል” ለማለት ይፈራል።

ሌላም አለ። ባንኮች የሂሳብ ዓመታቸውን የሚዘጉት እንደ አውሮፓውያን ሰኔ 30 ሲሆን፣ ይህ በእኛ ሰኔ 23 ቀን ላይ ይውላል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ለባንክ ሠራተኛ የጭንቅ ወራት ናቸው። ቅርንጫፉ የተሰጠው የተቀማጭ ገንዘብ ዕቅድ መሙላት አለበት፤ ሠራተኛውም አዲስ አስቀማጭ እንዲያመጣ ይጠበቃል። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ ሁሉ “ሒሳብ ክፈትልኝ” ይባላል።

እኔ እንዲህ ስሮጥ የባለቤቴ ቀን ምን ይመስል ነበር? ልጃችን በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሲወለድ እርሷ ማስተማሯን አቆመች። እኔ በአራተኛው ቀን ወደ መስኮቴ ተመለስኩ። የእርሷ ወላጆች ያሉት ሐዋሳ ነው። ስለዚህ የአራስነቷን ጊዜ ያሳለፈችው በእናቴ እጅ ነው። እናቴ ገንፎውንም አጥሚቱንም አላጓደለችባትም። እኔም “ሚስቴ በጥሩ እጅ ላይ ናት” ብዬ ልቤን ጥዬ እሠራ ነበር።

ይሁን እንጂ በጥሩ እጅ ላይ መሆንና በራስ ቤት መሆን ልዩነት አላቸው። ባለቤቴ ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ቤት ውስጥ ነበረች። ልጁ ሲያለቅስ “ጡት አልበቃውም” የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። መጥበሻ ሲቀመጥ “እዚህ አይደለም፣ እዚያ ነው” ትባላለች። መተኛት ሲያምራት “ምራቲቱ ቀን ትተኛለች” እንዳይባል ትነሣለች። ማታ እኔ ስመጣ መጀመሪያ የምገባው ወደ ዋናው ቤት ነበር። እራት የሚቀርበው እዚያ ነውና። ከአባቴ ጋር ዜና አይቼ፣ ለእናቴ የቀኑን ውሎ ነግሬ፣ ወደ ሰርቪሷ ስገባ ደክሜ እንቅልፌ መጥቷል። ለእናቴ የነገርኩትን ለሚስቴ ለመድገም ጉልበት አልነበረኝም። እርሷም መጠየቅ ተወች።

የ3,600 ብር ጉድለት

በግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ማታ ገንዘቤን ስቆጥር 3,600 ብር ጎደለኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። ተቆጣጣሪዬም ቆጠረ። የቀኑን ደረሰኝ ሁሉ አገላበጥን። ለየትኛው ደንበኛ አብልጬ እንደከፈልኩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጉድለቱን የሚተካው ገንዘቡን የያዘው ሰው ነው። ያ ገንዘብ በወቅቱ ከወር ደመወዜ ግማሽ በላይ ነበር።

በዚያ ሌሊት ወደ ቤት ስሄድ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “ለእርሷ አልነግራትም፤ አራስ ናት፣ ትጨነቃለች።” ይህ ሲታይ ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ዋናው ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ “ልጄ፣ ምን ሆነሃል?” አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እናቴ ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ጠዋት ከእቁብ ያገኘችውን ገንዘብ በሶፍት ጠቅልላ ኪሴ ውስጥ አስገባችልኝ። ጉድለቱን ተካሁ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በዓመቱ መዝጊያ ሩጫ መካከል፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ቡና ተፈላ። የምትቀዳው ባለቤቴ ነበረች። ከጎረቤቶቹ አንዷ ስለ ባንክ ሥራ አስቸጋሪነት አነሣች። እናቴም ያለ አንዳች ክፋት፣ “ኧረ ተዪኝ እቴ፣ የእኔስ ልጅ ባለፈው ወር 3,600 ብር ጎድሎበት ከእቁቤ አውጥቼ አይደል የሸፈንኩለት!” አለች። ባለቤቴ ቀና ብላ አላየችም። ሲኒዎቹን ሞልታ፣ አዳርሳ፣ ልጁን ይዛ ወደ ሰርቪሷ ገባች።

ማታ ያለችኝን ዛሬም አስታውሳለሁ፦ “ብሩ አይደለም የጎዳኝ። ብሩን እማዬ ስለሰጠችህም እግዚአብሔር ይስጣት። እኔ ግን ባሌ ምን እንደደረሰበት የሰማሁት ከጎረቤት ጋር እኩል ነው። እኔ እዚህ ቤት ማን ነኝ?”

መልስ አልነበረኝም። መጽሐፍ ቅዱስ ሰው ከአባቱና ከእናቱ ተለይቶ ከሚስቱ ጋር አንድ እንደሚሆን ይናገራል (ዘፍ. 2፥24)። ይህን ክፍል በሠርጋችን ቀን ሰምተነው “አሜን” ብለናል። እኔ መለየት ማለት ከግቢ መውጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከግቢው ሳይወጡም መለየት እንደሚቻል፣ ሩቅ አገር ሄዶም አለመለየት እንዳለ ያን ማታ ገባኝ። ችግሬን መጀመሪያ ለማን ነው የምነግረው? ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ቤቴ የት እንደሆነ ያሳያል።

አባቴ ያነሣው ታሪክ

ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታ እንጂ ጨዋታ አልነበረም። እናቴ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ባለቤቴም ለመናገር አልደፈረችም። እኔ ደግሞ በሥራ እያሳበብኩ የባሰ አመሽ ነበር። ሰኔ 23 አልፎ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ አባቴ አንድ ማታ ሁላችንንም ሰበሰበን። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ብዙ አይናገርም። መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ዘጸአት ምዕራፍ 18ን አነበበልን።

እኛ ያንን ምዕራፍ የምናውቀው ስለ አመራር ሲሰበክ ነው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ በሕዝቡ ላይ ሲፈርድ ይውላል፤ አማቱ ዮቶር አይቶት ይህ አካሄድ እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ይነግረዋል፤ ሥራውንም ለሺህ፣ ለመቶ፣ ለሃምሳና ለዐሥር አለቆች እንዲያካፍል ይመክረዋል። አባቴ ግን ያቆመን መጀመሪያው ላይ ነበር። ዮቶር ወደ ምድረ በዳ የመጣው ለምክር ብቻ አልነበረም። ሙሴ መልሶ ልኳት የነበረችውን ሚስቱን ሲፓራንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞለት ነው የመጣው (ዘጸ. 18፥2-6)።

“እዩ” አለ አባቴ፣ “የሙሴ ሥራ ከባድ ነበር፤ ቤተሰቡን የያዘለት አማቱ ነው። ወላጅ እንዲህ ሊያግዝ ይገባዋል። ነገር ግን ዮቶር ሲፓራንና ልጆቹን ለራሱ አላስቀራቸውም፤ ለባሏ፣ ለአባታቸው መለሰ። እኔና እናትህ ሚስትህንና ልጅህን ያዝንልህ። አሁን ግን መልሰን የምንሰጥህ አንተ የት አለህ?”

እናቴ አለቀሰች። ባለቤቴም ተነሥታ ጉልበቷን ሳመቻት። ያን ማታ ቡና ሳይሆን ሻይ ይዘን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተነጋገርን። አባቴ አንድ የተማሪ ደብተር አምጥቶ የተስማማንበትን ሁሉ ጻፈ። እናቴ መጀመሪያ ላይ “በእናትና በልጅ መካከል ደብተር ምን ይሠራል?” ብላ ነበር። በኋላ ግን ደብተሩን አስቀማጯ እርሷ ሆነች።

ከእኛ ቤት ልምድ በመነሣት፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ላሉ ባለትዳሮች የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦችን ላካፍል።

1. “ለጊዜው” የሚለው ቃል ቀን ይቆረጥለት

ያዕቆብ በአማቱ በላባ ቤት 20 ዓመት ሠራ። ደመወዙ ዐሥር ጊዜ እንደተለዋወጠበት ተናግሯል (ዘፍ. 31፥41)። በመካከሉ ግን ለገዛ ቤቱ የሚሠራው መቼ እንደሆነ ላባን ሲጠይቀው እናያለን (ዘፍ. 30፥30)። ጥያቄው አመፅ አይደለም፤ የቤት ራስ የሆነ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

እኛ በደብተሩ ላይ የጻፍነው “18 ወር” የሚል ነበር። ቀኑ ሲታወቅ ባለቤቴ ብዙ ነገር መታገሥ ቻለች፤ መጨረሻው የሚታወቅ ነገር ይቻላል። እናቴም “ጥለውኝ ሊሄዱ ነው” ከሚለው ሥጋት ወጥታ ልቧን ቀስ በቀስ አዘጋጀች። ቀኑ ቢያልፍ እንኳ ተነጋግሮ ማራዘም ይቻላል።

2. ደመወዙ ለሁሉም በግልጽ ይታወቅ

በአዲሱ የባንክ ሠራተኛ ላይ የሚደርሰው አንዱ ጫና ቤተሰብ “ባንክ ገባ” ሲባል ገንዘብ የሞላለት መምሰሉ ነው። እስቲ በዛሬው ሕግ እናስላው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም፤ ከዚያ በላይ በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ እየሆነ ሄዶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ የወር ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 4,950 ብር ግብር ይከፍላል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,400 ብር ይቆረጥበታል። እጁ ላይ የሚደርሰው 13,650 ብር ነው። ከዚህ ላይ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ አሥራት፣ የልጅ ወጪ አለ። የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበትም ይኖራል።

ይህን ለወላጆች ቁጭ ብሎ ማስረዳት ከብዙ ቅሬታ ያድናል። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ የመብራትና የውኃ ሒሳብ የእኛ ሆነ፤ ለአስቤዛ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ለእናቴ እንሰጣለን፤ ለኪራይ እናወጣው የነበረውን ያህል ደግሞ በሁለታችን ስም በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ይገባል። አባቴ “ኪራይ አልቀበላችሁም፤ ካልቆጠባችሁ ግን ታስከፍሉኛላችሁ” ብሎ ነበር። የእናቴን 3,600 ብርም በአራት ወር መለስንላት። አልቀበልም ብላ ነበር። ባለቤቴ ራሷ በእጇ ስትሰጣት ተቀበለች፤ የዚያን ቀን የሁለቱ ፊት ተፈታ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ወላጅን መርዳት ለእግዚአብሔር ከመስጠት ጋር የሚጋጭ አይደለም። ጌታ ኢየሱስ ለወላጅ የሚገባውን “ቁርባን” ብለው የሚከለክሉትን ሰዎች በብርቱ ወቅሷቸዋል (ማር. 7፥9-13)። ቁጠባችንም ለወላጅ የሚገባውን የምንሸሽበት ሰበብ ሊሆን አይገባም።

3. የሥራው ጭንቀት መጀመሪያ ለትዳር ጓደኛ ይነገር

ከዚያ ማታ በኋላ ከሥራ ስመጣ መጀመሪያ የምገባው ወደ ሰርቪሷ ሆነ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሁለታችን ብቻ እንነጋገራለን፤ ከዚያ ወደ ዋናው ቤት ለእራት አብረን እንሄዳለን። ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን ለእናቴም ለባለቤቴም ብዙ ተናገረች።

ገንዘብ ጎደለኝ፣ አለቃዬ ተቆጣኝ፣ ዕቅዴ አልሞላም የሚለው ወሬ በመጀመሪያ የሚስት ወይም የባል ነው። ለወላጅ መንገር ካስፈለገ ሁለቱ ተስማምተው፣ ቢቻል አብረው ይንገሩ። ቁጣና ቅሬታም በፀሐይ መግቢያ ላይ እንዲቋጭ ታዝዘናል (ኤፌ. 4፥26)። የባንክ ሠራተኛ ይህን ትእዛዝ ለመረዳት የሚቀርበው ያለ አይመስለኝም። ትናንሽ ልዩነቶች በዕለቱ ሲፈለጉ ይገኛሉ። ከወር በኋላ ግን ማን ለማን ምን እንዳጎደለ አይታወቅም።

4. የሥራ ሰዓትን አስቀድሞ ማሳወቅ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ትርፍ ሰዓት የራሱ ክፍያ አለው፤ የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። አባት ለሆነ ሠራተኛም 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጠዋል። መብትን ማወቅ ጥሩ ነው። ሆኖም በተግባር የሚያስመሽ ወቅት እንደሚኖር አውቆ ቤተሰብን ማዘጋጀት ይበልጥ ይጠቅማል።

እኛ በግድግዳ መቁጠሪያ ላይ የከባድ ሳምንታትን በእስክርቢቶ ማክበብ ጀመርን፤ የወር መጨረሻ፣ የሩብ ዓመት መዝጊያ፣ ከሁሉም በላይ የሰኔ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት። በእነዚያ ጊዜያት ባለቤቴ ልጁን ይዛ ሐዋሳ ወላጆቿ ጋ ትሰነብታለች፣ ወይም እህቷ ትመጣላታለች። ዘመን መለወጫና ገና ሲደርስ ደግሞ እኔ ዓመት ፈቃዴን ለእነርሱ አስቀምጣለሁ። በብሉይ ኪዳን አዲስ ያገባ ሰው አንድ ዓመት ከዘመቻ ነፃ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ተደንግጎ ነበር (ዘዳ. 24፥5)። ዛሬ እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚሰጥ ባንክ አናገኝም። እኛ ግን ከምናገኛት ጥቂት ሰዓት ላይ ለዚሁ ማካፈል እንችላለን።

5. ኅብረታችን የደንበኛ መፈለጊያ አይሁን

ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት የሒሳብ መክፈቻ ቅጽ በቦርሳዬ ይዤ ወደ ቤት ለቤት ጸሎት እሄድ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ አንድ በአንድ አስሞላለሁ። አንድ ቀን የቡድናችን መሪ ለብቻዬ ወስዶ፣ “ወንድሜ፣ የሚያስፈልግህን ንገረንና እንረዳሃለን። ግን እዚህ ስትመጣ መጀመሪያ ጸልይ” አለኝ። በአማቾቼም ላይ ያደረግሁት ይኸው ነበር። ሐዋሳ ስደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የማነሣው ስለ ሒሳብ መክፈት ሆኖ፣ አማቴ ስልኬን ማንሣት እንደሰለቸው በኋላ ባለቤቴ ነገረችኝ። ዘመድና ወዳጅ ቢረዳን መልካም ነው። ዕቅዳችንን የመሙላት ግዴታ ግን የለባቸውም።

6. ለወላጆችም ቃል አለን

እናንተ ወላጆች፣ ቤታችሁን ከፍታችሁ ስለተቀበላችሁን እግዚአብሔር ይባርካችሁ። በትሕትና ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። ወደ ልጆቻችሁ ክፍል ስትገቡ በሩን አንኳኩ፤ ያቺ ክፍል ጠባብ ብትሆንም የአንድ ቤተሰብ ቤት ናት። ልጃችሁ ሲያመሽ ጥያቄውን ለእርሱ አቅርቡ እንጂ ምራታችሁን “ለምን አትናገሪውም?” አትበሏት፤ እርሷም እንደ እናንተ እየጠበቀችው ነው። የልጆቻችሁን ገመናም በቡና ላይ አታንሡ፤ ምንም እንኳ በፍቅር ቢሆን።

ልጃችሁም ገመናውን ለእናንተ ብቻ ሊነግር ሲመጣ፣ “ለሚስትህ ነግረሃታል?” ብላችሁ ጠይቁት። እናቴ ዛሬ የምትጠይቀኝ መጀመሪያ ይህንን ነው።

ወጥተን ስናበቃ

በደብተሩ የተቆረጠው ቀን ታኅሣሥ 2012 ነበር። እኛ የወጣነው አንድ ወር ዘግይተን፣ በጥር ነው። ከወላጆቼ ቤት ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። ዛሬ ለሚከራዩ ወጣቶች የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል፤ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። የእኛ ጊዜ ይህ አልነበረም፤ ያወጣነው ከዚያ ከሁለታችን ቁጠባ ነው።

ሁሉም ሰው ይወጣል ማለቴ አይደለም። ወላጆቻቸው የታመሙባቸው፣ ጧሪ ሌላ ልጅ የሌላቸው አሉ። አንዳንድ ባንኮች ከተወሰነ የአገልግሎት ዘመን በኋላ ለሠራተኞቻቸው የቤት ብድር በዝቅተኛ ወለድ ስለሚሰጡ፣ ያንን ለመጠበቅ ከወላጅ ጋር መቆየትን የሚመርጡም ይኖራሉ። አብሮ መኖር በራሱ በደል አይደለም። የራስን ቤተሰብ አለማሰብ ግን እምነትን እንደ መካድ መሆኑን ሐዋርያው ጽፏል (1 ጢሞ. 5፥8)። “የራስ ቤተሰብ” ሲል ወላጅም ሚስትም ልጅም አለበት። ማንኛቸውንም ከዚህ ቁጥር ውስጥ ማውጣት አንችልም።

ዕቃችንን በወሰድንበት ቀን እናቴ ያንን የተማሪ ደብተር ለባለቤቴ ሰጠቻት። የመጨረሻው ገጽ ላይ አባቴ በመምህር እጅ ጽሕፈቱ፣ ቀኑን ጽፎ “ተዘግቷል፤ ልዩነት የለም” ብሎ ፈርሞበታል። ከሥሩም እናቴ፣ ማንበብና መጻፍ በጎልማሶች ትምህርት የተማረችው እናቴ፣ ስሟን ጽፋለች።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ምናልባት ዛሬ ማታ የሰውን ገንዘብ ቆጥረህ፣ አስተካክለህ፣ ካዝናውን ዘግተህ ወደ ቤትህ ትሄድ ይሆናል። እቤት የምትጠብቅህ ሚስትህ የቀኑን ውሎህን ሰምታ ነው ወይስ ከሌላ ሰው ልትሰማ ነው? አንቺስ፣ እህቴ፣ በአማትሽ ቤት ሆነሽ የዋጥሽው ቃል አለ? ወላጆችስ፣ “ቅር ይላቸዋል” ብላችሁ ያለፋችሁት ነገር ይኖር ይሆን? ሻይ አፍሉና ቁጭ በሉ። ሳይመሽ ተነጋገሩ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።